የማክሰኞ ዶሮ

ቤታችን ያለው ኦቨን ለስድስት ዓመት የድስት ማስቀመጫ ነበር። የብዙዎቻችሁም ቤት ኦቨን ከዚህ የተለየ ዕጣ ያለው አይመስለኝም። ከላይ አራት ምድጃ፣ ከታች ትልቅ በር ያለው ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ መጥበሻ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ትሪ ታጭቋል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ለልደት ኬክ ሲፈለግ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ወለል ላይ ይደረደራል፤ ኬኩ ሲወጣ ዕቃው ተመልሶ ይገባል።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ባለቤቴ ማክሰኞና ሐሙስ የማታ ተረኛ ሆነች። በእነዚያ ቀናት ቤት የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። እኔ የታክሲው ሰልፍ ከቀናኝ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ። የሚጠብቁኝ ሁለት ልጆችና እናቴ ናቸው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ምድጃ ፊት አያቆማትም፤ ጣቶቿም ቢላ ጨብጠው አይቆዩም። ስለዚህ የሁለቱ ቀን እራት የእኔ ሥራ ሆነ።

በመጀመሪያው ወር ያበላኋቸውን ባልናገር ይሻላል። ማክሰኞ ፓስታ በሱጎ፣ ሐሙስ ከትናንት የተረፈ ሽሮ፣ ማክሰኞ ደግሞ ፓስታ በሱጎ። ትንሹ ልጄ ገና በሩን ስከፍት «አባዬ፣ ዛሬም ፓስታ ነው?» ይለኝ ጀመር። ችግሩ ምግቡ ብቻ አልነበረም። ፓስታ አጠገቡ መቆም ይፈልጋል፤ እኔ ምድጃ ፊት ቆሜ የልጆቹን የቤት ሥራ ከበር ማዶ በጩኸት ነበር የማርመው። አንድ ቀን ሱጎውን እያማሰልኩ ሰባት ጊዜ ስምንትን 54 ነው ብዬ አሳስቼ ልኬዋለሁ።

ኦቨኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ፓስታ አልፎርኖ የምናውቅ ሰዎች ነን። ዶሮና ሩዝ በአንድ ፓተላ ተደርገው፣ ተሸፍነው፣ ማንም ሳያማስላቸው አብረው ቢበስሉ ምን ይጎድላል? ዶሮ ደግሞ በእኛ ቤት ለማክሰኞ ይስማማል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ለሥራ ቀን ዶሮ የሚተርፉት ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልሆነም። ከአንድ የፈረንጅ የምግብ መጽሐፍ ላይ «45 ደቂቃ» የሚለውን አምኜ፣ የቲማቲም ድልህና የሾርባ ኪዩብ በውሃ በጥብጬ፣ ተቆራርጦ የተሸጠልኝን ዶሮ ከላይ ደርድሬ አስገባሁ። በ45ኛው ደቂቃ ሳወጣው ዶሮው ጠይም፣ ሩዙ ጥሬ። ልጆቹ ከላይ ከላይ ዶሮውን ለቀሙ። እናቴ ሳህኗን ለአፍታ አየት አድርጋ «እኔ ጠግቤያለሁ» አለች። ከዚያ ዳቦ በሻይ ጠጥታ ተኛች።

የሩዙን ነገር ቶሎ ደረስኩበት። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የቱንም ያህል እሳት ብንጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ስለዚህ በውሃ የሚበስል ነገር ሁሉ፣ ሩዝም ባቄላም ሽንብራም፣ እዚህ ከተማ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሩዝ ደግሞ ውሃም ይጨመርለታል። በፈረንጅ መጽሐፍ ጀምራችሁ «እኔ ሩዝ አልችልም» ብላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሩዙ በሰለ። እናቴ ግን አሁንም ጠግባ ነበር። ሐሙስም ጠገበች። ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ወንድ ልጇን ማጀት ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ ማየት አስጠልቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱም አልጠፋም። ጎረቤት ብቅ ሲልና ሽታው ሲያውዳቸው «ምራቴ ናት ሠርታ የሄደችው፤ እሱ ማሞቅ ብቻ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። እንዲህ ብላ የምትከላከልልኝ እናት በእልህ ጾሟን ታድራለች ብዬ ማሰብ ነበረብኝ? አላሰብኩም። ይለፍላታል ብዬ ተውኩት።

መቀነቷ ከቀድሞው አንድ ዙር መጨመሩን ያየችው ባለቤቴ ናት። ቅዳሜ ገላዋን ስታጥባት አይታ፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። «እማማ ከስታለች። እኔ በማልኖርበት ቀን ምን ትበላለች?» አለችኝ። ዳቦ በሻይ የሚለውን መልስ ጮክ ብዬ ሳወጣው ነው የከበደኝ። በዚህ ዕድሜ የወረደ ሥጋ ቶሎ አይመለስም። ጡንቻዋ ሲሟሽሽ አሁን በከዘራ የምትሄደውን ያህል እንኳ መሄድ ይቸግራታል፤ መውደቅም ይከተላል።

እሁድ ጠዋት 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ገዝቼ ወጥ ቤት ወለል ላይ ዘረገፍኩት። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ይኼ ሁሉ ሽንኩርት ምንድነው? ድግስ አለ?»

«ቁሌት ልሠራ ነው፣ እማዬ።»

«አንተ?»

«አንቺ እያለሽ እኔ ምን አውቃለሁ። ቁጭ በይና ንገሪኝ።»

ዱካዋን ይዤላት ገባሁ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። ሽንኩርቱን ሳደቅ የሰደበችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። «ደቃቅ» ስትለኝ የነበረው እኔ ደቃቅ ከምለው ግማሽ ነው።

ያስተማረችኝን ግን እጽፋለሁ፤ ብዙ አያት የምታውቀው፣ ብዙ ወጣት ወላጅ ግን ተቻኩሎ የሚዘለው ነገር አለበት። ሽንኩርቱ ብቻውን፣ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት ላይ ይበስላል። መጀመሪያ ውሃውን ያወጣል፤ ከዚያ ውሃውን መልሶ ይጨርሳል። ይህ ለ3 ኪሎ ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይፈርስም፤ በወጡ ውስጥ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ውሃው አልቆ ሽንኩርቱ የድስቱን ቂጥ መያዝ ሲጀምር ዘይት፣ ከዚያ 200 ግራም ገደማ በርበሬ ገባ። ልጆች ስለሚበሉት ለወጥ ከሚሆነው ቀነስነው። ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ነው። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከመሃል ገቡ። እናቴ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ከመስኮቱ ውጭ እያየች ነበር የምትመራኝ። ድስቱን አላየችም። «አሁን ውሃ ጨምር፤ ሊይዝብህ ነው» ትላለች፤ ሳማስለው እውነትም ሊይዝ ነው። «በቃ አሁን?» ስላት አየሩን አሸት አሸት አድርጋ «ገና ነው፤ በርበሬው ጥሬ ይሸታል» ትላለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀን።

ቅቤ ላስገባ ስል እጄን ያዘችኝ። «ቅቤ አታስገባበት። ያለ ቅቤ ከተውከው ረቡዕም ለምስር ይሆንሃል።» በዚህች አንድ ምክር የሳምንቱ ሥራ ተቃለለ። ቁሌቱ ሲቀዘቅዝ በሰባት ትንንሽ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ገባ። አንዱ ዕቃ አንድ ኩባያ ያህል ይይዛል፤ ለአንድ ፓተላ ዶሮ ይበቃል። ለጾም ቀን ደግሞ ለምስርና ለሽሮ መነሻ ይሆናል። እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል የጠፋ ቢመስልም ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሽንኩርት አልከተፍኩም።

አሁን ወደ ማክሰኞው ዶሮ። መጀመሪያ ስለ ዶሮው ራሱ። ለዚህ የሐበሻ ዶሮ አትግዙ። የሐበሻ ዶሮ ጭሮ፣ ሮጦ ያደገ ነው፤ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲሠራ ነው ጣዕሙን የሚሰጠው፤ የበዓል ነው። የፈረንጅ ዶሮ የምንለው በስድስትና ሰባት ሳምንት ውስጥ ለዕርድ የሚደርስ ስለሆነ ሥጋው ቶሎ ይለሰልሳል። ለዶሮ ወጥ የማይመቸው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ገና ቁሌቱን ሳይጠጣ ይፈራርሳል። ለኦቨን ግን ተስማሚ ነው፤ በተለይ ጥርሳቸው ለሳሳ ሰዎች።

የበረደውን ዶሮ እሁድ ማታ ከበረዶው አውጥቼ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ በሳህን አስቀምጠዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ውጪው ሲሞቅ ውስጡ ገና በረዶ ስለሆነ ጀርም ይራባበታል። ሰኞ ማታ ይታጠባል። እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ገና አልተስማማንም። የጤና ባለሙያዎች ጥሬ ዶሮን ቧንቧ ሥር አትጠቡ ይላሉ፤ ፍንጣሪው ጀርሙን በማጠቢያው ዙሪያ ስለሚረጨው። እናቴ ደግሞ ውሃው ጥርት እስኪል በሎሚና በጨው ያልታሸ ዶሮ ዶሮ አይደለም ትላለች። ለጊዜው በጎድጓዳ ሳህን፣ ሳይረጭ፣ ቀስ ብለን እናጥባለን፤ ከዚያ ሳህኑን፣ ማጠቢያውንና እጃችንን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እናጸዳለን። ጀርሙን የሚገድለው ግን ሎሚው ሳይሆን ሙቀቱ ነው። የወፍራሙ ሥጋ መሃል 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። የምግብ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው መላላጫውን አጥንቱ ድረስ ሰንጥቆ ይይ፤ ሥጋው ቀይ ከሆነ ወይም የሚወጣው ፈሳሽ ደም ከቀላቀለ ተመልሶ ይግባ።

የታጠበው ዶሮ ጨው፣ ትንሽ ኮረሪማና አንዱ ዕቃ ቁሌት ተቀብቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። እዚህ ድረስ ያለው የሰኞ ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ማክሰኞ ገና ቤት ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ እለኩሰዋለሁ፤ ውሃም እጥዳለሁ። ሁለት ኩባያ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ አጥቤ ጎድጓዳ ፓተላ ውስጥ እዘረጋለሁ። ሁለት ካሮት በትንንሹ ከትፌ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምሬ አዋህደዋለሁ። ዶሮው ከነቁሌቱ ከላይ ይደረደራል። ከዚያ አራት ኩባያ ተኩል የፈላ ውሃ ከጎን በኩል ይፈስበታል። የፈላ መሆኑን አትናቁት። ቀዝቃዛ ውሃ ከሆነ ኦቨኑ መጀመሪያ ውሃውን ለማሞቅ ሲታገል ብዙ ደቂቃ ይሄዳል፤ የተራበ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፓተላው በፎይል ጥርቅም ተደርጎ ይሸፈናል። እንፋሎቱ ካመለጠ ሩዙ ጥሬ ይቀራል። ፓተላው ክዳን ካለውም ፎይሉን ከሥሩ አድርጉት።

አንድ ሰዓት ይቆያል። በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ የቤት ሥራ ይሠራል፤ እንቁላል ይቀቀላል። ሰዓቱ ሲሞላ ፎይሉን ገልጬ ሩዙን በማንኪያ እቀምሳለሁ። እምብርቱ ከጠነከረ ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምሬ አሥር ደቂቃ መልሼ እሸፍነዋለሁ። ከበሰለ ደግሞ የተላጠውን እንቁላል በየቦታው ወሸቅ ወሸቅ አድርጌ፣ ሳልሸፍን ለ15 ደቂቃ እመልሰዋለሁ፤ የዶሮው ቆዳ እንዲጠብስና ዳር ዳሩ ያለው ሩዝ እንዲንኮሻኮሽ። ልጆቹ የሚጣሉት በዚህ ዳር ሩዝ ነው። 2 ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲል ማዕድ ላይ ነን። አይብ ካለ ከጎን ይቀርባል፤ ለልጅ አፍ በርበሬውን ያበርደዋል።

መብራት የጠፋ እንደሆነስ? አንድ ሐሙስ ገና በ20ኛው ደቂቃ ጠፋብን። የጋለ ኦቨን በሩ ካልተከፈተ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፤ ግን በዚያ ተማምኖ ግማሽ የበሰለ ዶሮ ማሳደር አይገባም። ሁሉንም ወፍራም ድስት ውስጥ ገልብጠን፣ ክዳኑን ከድነን ጋዝ ላይ በትንሽ እሳት ጨረስነው። ዳሩ ባይንኮሻኮሽም እራት ሆነ።

ለምሳ ዕቃ ለምታስቡ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የበሰለ ሩዝ ክፍሉ ውስጥ ሲያድር የሚያሳምም ጀርም ሊያፈራ ይችላል። ጀርሙ ከመብሰሉ በፊትም ሩዙ ላይ ነበረ፤ ዘሩ በመፍላት አይሞትም። መርዙን ካፈራ በኋላ ደግሞ ማሞቁ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ የተረፈው በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ተበትኖ ፍሪጅ ይግባ፤ ሲበላም እንፋሎት እስኪያወጣ ይሙቅ። እኔ ግን ጠዋት ለብ ተደርጎ ምሳ ሰዓት ድረስ በቦርሳ የሚዞር ሩዝ ለልጆቼ አልቋጥርም። የማክሰኞ ትራፊ የሐሙስ እራት ነው፤ በመሃል ጾም ስለሆነ የሚነካው የለም።

ቁሌት የገባበት የመጀመሪያው ማክሰኞ ማታ ፓተላውን ማዕድ ላይ ሳስቀምጥ እናቴ ቀድማ አልተናገረችም። ልጆቹን አስባርካ ማንኪያዋን አነሳች። ሩዙን ቀመሰች። ከዶሮው ቁራጭ ላይ ሥጋውን በጣቷ አላቃ ጎረሰች፤ ደገመች። እኔ የራሴን ሳህን እያየሁ መሰልኩ።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ባለቤቴ ማታ ስትመጣ ይህንን ስነግራት ሳቀች። እናቴ አምስት ልጆች ስታሳድግ «ይጥማል» ያለችው ምግብ የለም፤ ጨው አነሰው ካለች ግን በልታዋለች ማለት ነው።

ቅሬታዋ ግን አላበቃም፤ ወደ ዶሮው አቆራረጥ ዞረ። ከሱቅ ተቆራርጦ የሚመጣውን አንስታ እያገላበጠች «ይኼን የተጣላው ሰው ነው የቆረጠው? የቱ ነው ክንፉ፣ የቱ ነው መላላጫው?» አለች። እውነቷን ነው፤ በመጋዝ የተቆረጠ አጥንት ስንጣሪው ሩዙ ውስጥ ይገኛል፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም አደጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ዶሮ ነው የምገዛው። ሰኞ ማታ እሷ ዱካዋ ላይ፣ እኔ መክተፊያው ፊት ሆነን እንበልታለን። «አጥንቱን አትታገለው፤ መጋጠሚያውን በጣትህ ፈልገው» ትለኛለች። አሥራ ሁለት ብልት ለማውጣት በመጀመሪያው ቀን 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን 20 አይሞላም። አሥራ ሦስት የወጣበትም ቀን ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላወቅንም።

መቀነቷ ወደ ድሮው ዙር ተመልሷል። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «ያ ቁሌት አለ ወይስ አለቀ?» ትለኛለች። ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱን ግን ዛሬም አልወደደችውም፤ ለጎረቤት የምትሰጠው መልስም አልተለወጠም።

በእሷ ቤት ፈረሰኛው የአባወራ ነበር። አባቴ እስካሉ ድረስ ሌላ ሰው ሳህን ላይ አይቼው አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ማንኪያዬን ወደ ፈረሰኛው ስልክ እጄን መታ አደረገችኝ።

«እሱን ሸፍነህ አስቀምጥ» አለች። «ስትመጣ ይርባታል።»